ሲወርድ ያየሁት ሣጥን

ጋምቤላ፣ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ ሲስተር ሙሉብርሃን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ልጄም ደኅና ናት፤ ዘጠኝ ወሯን ልትደፍን ነው፣ ሁለት ጥርስ አውጥታ ጡቴን ትነክሰኛለች። አኬሎ ነኝ፣ የክልሉ ቢሮ ታይፒስት፣ የአጅዋንግ ምራት። አንቱ ስልሽ «በሠላሳ አራት ዓመቴ አታስረጂኝ» ብለሽ ስለከለከልሽኝ አሁንም አንቺ እልሻለሁ።

ይህን በእጄ የምጽፈው ማሽን አጥቼ አይደለም። ማሽኑ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከጋምቤላ ያስነሳሽን ማመልከቻ የመታሁት በሱ ስለሆነ፣ ለዚህኛው ልነካው አልፈለግኩም። አዎ፣ እኔ ነኝ። ከመምታትም አልፌ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨምሬበታለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ለማመካኘት ሳይሆን እንድታውቂው ነው።

የመጀመሪያ ልጄን በእናቴ መንደር ስወልድ ደም ፈሶኝ አራት ወር ከመኝታዬ እንዳልተነሳሁ ነግሬሽ ነበር። ያልነገርኩሽ ግን ሰው ስሜን ትቶ «የተኛችው» ይለኝ እንደነበር ነው። ከወንዝ ውሃ ቀድታ የማትመለስ ሴት በእኛ ዘንድ እንግዳ ማለት ናት፤ ትበላለች እንጂ ቤት የላትም። ስለዚህ ሁለተኛውን አርግዤ አምስት ወር ሲሞላኝ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ራሴ ወደ አንቺ መጣሁ።

ታሪኬን ሰምተሽ ስታበቂ፣ «መውለዱንስ ትወልጃለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ከወለድሽ በኋላ መነሳትሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአሁኑ ነው የምናዘጋጀው» አልሽኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኛ የምናዘጋጀው ለልጁ ነው። ለእናቲቱ ማን ያዘጋጃል? ደስ አለኝ። ቤት እስክደርስ ግን ደስታው ወደ ጥያቄ ተለወጠ፤ ይህች ደገኛ ሴት ከኔ ምን ፈልጋ ነው?

የዚያን ጊዜዋን ጋምቤላ ታስታውሻለሽ። ክልል ከሆንን ገና መጀመሪያው ነበር፤ ቢሮዎቹ ወንበር እንኳ ተበዳድረው ነበር የሚሠሩት። ሹመት ማን ያዘ፣ ማን ከማን ወገን ነው፣ ማን ማንን መዘገበ የሚለው ከምግብ በፊት የሚነሳ ወሬ ነበር። አንቺ በዚያ ሰሞን ደብተር ይዘሽ ቤታችን መጣሽ።

አማቴ አጅዋንግ በር ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትሰነጥቅ ነበር። ስንት ሰው እዚህ ቤት ይኖራል፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ወባ የታመመ አለ ወይ፣ አኬሎ ስትወልድ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው፣ እንጨቱንስ ማን ይሸከማል እያልሽ ጻፍሽ። «አርባ ቀን ምንም አትሸከምም» ስትይ አማቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔ አፈርኩ። «የተኛችው» የሚለው ስም ሳልወልድ የተመለሰብኝ መሰለኝ።

ስትሄጂ አጅዋንግ በእኛ ቋንቋ፣ «ውሃ ማን እንደሚቀዳ ለማወቅ የሰው ዕድሜ ምን ያደርግላታል?» አለችኝ።

ቀጥሎ ጉበቱ መጣ። ሁዳዴ ነበር። አንቺ በቅጠል የተጠቀለለ ጉበት ይዘሽ መጥተሽ፣ ፊትሽን ዞር አድርገሽ «ደም ይሞላል» ብለሽ ሰጠሽኝ። «ጾመኛ ሴት በጾም ወር ጉበት ከየት አመጣች?» አለች አጅዋንግ፤ ለድመት ጣለችው። ከእስላሙ ሥጋ ቤት በራስሽ ገንዘብ እንደገዛሽው የሰማሁት ካንቺ መሄድ በኋላ ነው። የሰጠሽኝ የደም ኪኒንም ሰገራዬን እንደ ከሰል ሲያጠቁረው ደነገጥኩ። «ያጠቁራል፣ አትፍሪ» ብለሽኝ ነበር፣ ግን የፈራ ሰው የሚያስታውሰው የሚያስፈራውን ብቻ ነው። ኪኒኑን ሽንት ቤት ጨመርኩት። በየሳምንቱ ስትጠይቂኝ ግን «እየዋጥኩ ነው» እልሽ ነበር።

አሁን ስለ ሣጥኑ። አንድ ቀን የቢሮ ፖስታ ለአውሮፕላን እንዳደርስ አውሮፕላን ማረፊያ ተልኬ ነበር። አውሮፕላኑ አርፎ ዕቃ ሲወርድ አንቺን አየሁሽ። ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ከሠራተኛው እጅ ተቀብለሽ በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ወደ መኪናው ትሮጪ ነበር። «ሲስተር፣ ምንድነው?» ብዬ ጮህኩ። «ለእናንተው ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ!» ብለሽ በሩን ዘጋሽ። በኋላ አልነገርሽኝም። ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን አልረሳሁትም።

በሳምንቱ የቤተሰቡን ስድስት ሰው ጠርተሽ ጣት ጣታቸውን ወጋሽ። ለኔ ደም ካስፈለገ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ለማግኘት ነው አልሽ። ስድስቱም አልገጠሙኝም። የባለቤቴ ወንድም ኦቻንግ ጣቱን እየጠባ፣ «ስድስታችንንም ወጋችን፣ አንዳችንም አልሆንም። ታዲያ ምን ፈልጋ ነው?» አለ። ኦቻንግ የሰፈሩ ኮሚቴ አባል ነው፤ እሱ ሲጠረጥር ሰፈሩ ይጠረጥራል። ደማችን በአውሮፕላን ይሄዳል የሚለው ወሬ ገበያው ውስጥ ለመዞር ሦስት ቀን አልፈጀበትም።

ጾሙ ሊጠናቀቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኦቻንግ ግማሽ ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ ማመልከቻ ይዞ ቢሮ መጣ። ይህች ነርስ ቤት ለቤት እየዞረች ሰው ትመዘግባለች፣ ደም ትወስዳለች፣ ከዚህ ትነሳልን ይላል። እንድመታለት ሰጠኝ። እየመታሁ ሳለ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ፣

«አንቺ አውሮፕላን ማረፊያ አይተሻታል አይደል?» አለኝ።

«አይቻታለሁ።»

«ሣጥን ይዛ?»

«ሣጥን ይዛ።»

«ሲጫን አየሽ?»

መምታቴን ቀጠልኩ። ያንን እንደ አዎታ ወሰደው። ሲስተር፣ ኦቻንግ እጄን አልያዘውም፤ አላስፈራራኝምም። «ደም የያዘ ሣጥን ወደ አውሮፕላን ሲጫን በዓይን ታይቷል» ብለው የጻፉት የኔ ጣቶች ናቸው። ያየሁት ሲወርድ ነው። ሲወርድ ያየሁትን ሲጫን ብዬ ጻፍኩ። ለምን ብትዪኝ፣ የፈራሁት ነገር እውነት እንዲሆን የፈለግኩ ይመስለኛል። ውሸት ከሆነ በከንቱ ስፈራ ኖሬያለሁ ማለት ነበር።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ምጥ ያዘኝ። ወደ አንቺ ላልመጣ ወስኜ ስለነበር ቤት ወለድኩ። ልጅቷ በደኅና ወጣች። ከዚያ ያ የማውቀው ሙቀት ከጭኔ ወደ እግሬ መውረድ ጀመረ። ባለቤቴ ለሥራ ኢታንግ ነበር። አጅዋንግና ጎረቤቶች ከነአልጋዬ ተሸክመው ቀትር ላይ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሌሎቹ ለበዓል ስለሄዱ ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ።

ስታዪኝ አልተቆጣሽም። «ኪኒኑን አልዋጥሽም አይደል?» አልሽ ዓይኔን በጣትሽ ገልጠሽ። ሆዴን እየጨመቅሽ ለዘበኛው፣ «ኒውላንድ ሂድ፣ ዱዋልን ጥራ፣ ሩጥ!» ብለሽ ጮህሽ። ዱዋል የቢሯችን ተላላኪ ነው፣ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር ኑዌር፤ እኔ ደግሞ አኝዋክ ነኝና ሁለት ዓመት ሙሉ ፖስታ ከጠረጴዛዬ ሲያነሳ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። እኔ በሌለሁበት የኔን ነገር ቢሮ መጥተሽ ስትናገሪ ጣቱን ዘርግቶ እንደተወጋና ደሙ እንደገጠመኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አጅዋንግ በሩ ላይ ቆመች። «የማን ደም ነው የምትሰጪያት?» አለችሽ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«የዚህ ሰው።»

«የሱ መሆኑን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሌላ ነርስ ብትሆን ገፍትራ ታስወጣት ነበር። አንቺ ግን ክንዷን ይዘሽ አስገባሻት። «እማማ፣ እኔ ዛሬ የሚጠራጠር ሰው ነው የምፈልገው። እዚህ ቁሚ። ከሱ ክንድ እስክወስደው፣ አመሳክሬ እስካይ፣ እሷ ክንድ እስኪገባ ዓይንሽን ከከረጢቱ እንዳታነሺ» አልሻት። ከዚያ ያንን ሰማያዊ ሣጥን ከፍተሽ ከበረዶው መሐል ትንንሽ ብልቃጦች አወጣሽ። «ይኼ የደም ዓይነት መለያ ነው። አልቆብን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ለልጅሽ ነው» ብለሽ አሳየሻት። እኔ ራሴን ልስት ስል የሰማሁት ይህንን ነው። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ ግን አፌን ለመክፈት አቅም አልነበረኝም።

አጅዋንግ ከረጢቱን ከዱዋል ክንድ እስከኔ ክንድ በዓይኗ ተከተለችው። ዝንብ ፊቷ ላይ ቢያርፍ አላባረረችም። ሲያልቅ ዱዋልን፣ «እናትህ በሕይወት አለች?» ብላ ጠየቀችው። አለች ሲላት፣ «ልጅሽን ተበድሬያለሁ በልልኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። አርባ ቀን ውሃ የተሸከመችው አጅዋንግ ናት፤ የማንንም አፍ ሳትፈራ። ዓሣ በቅጠል ቀቅላ አበላችኝ፣ ኪኒኑን አፌን አስከፍታ አየችልኝ። በሁለተኛው ወር ቆሜ ሄድኩ። እኔ በተነሳሁበት ሳምንት ግን አንቺን ወደ ጎሬ አስነሱሽ።

ልትሰናበቺኝ ቤት መጥተሽ ልጅቷን አቅፈሽ፣ «ማመልከቻውን ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ?» አልሽኝ። «አላውቅም» አልኩሽ። ዓይኔን አየሽው። ከዚያ ልጅቷን መልሰሽ ሰጥተሽኝ፣ «እሺ፣ ራስሽን ጠብቂ» ብለሽ ወጣሽ።

ሰባት ወር ሙሉ ያ ዓይንሽ ያስጨንቀኛል። የዚያ ማሽን «ደ» ፊደል ከመስመሩ በላይ እንደምትዘል ታውቂያለሽ፤ የክትባት ማስታወቂያ ስመታልሽ ስቀሽባት ነበር። ያን ሰኞ ደግሞ ሆዴን ስትጨምቂ ከጋወንሽ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሎ ነበር፤ የማመልከቻው ግልባጭ ይመስለኛል። እና እጠረጥራለሁ፤ ደሜን ስታቆሚ ማን እንደከሰሰሽ ታውቂ ነበር። አንዳንዴ አታውቂም ነበር እላለሁ፤ እሱ ይቀለኛል። የትኛው እንደሆነ ልጠይቅሽ አልደፍርም።

ዝም ብዬ እኖር ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዝም እንዳልል ያደረገችኝ የዱዋል ሚስት ኛኩዎል ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም ፊተኛውን ስትወልድ ደም ፈሷት ነበር። ባንቺ ቦታ የመጣው ነርስ ከወሊድ በኋላ የሚያስፈልጋትን ከአሁኑ ላዘጋጅ ብሎ ዘመድ ጎረቤቷን ቢጠራ ጣቱን የሰጠ ሰው ጠፋ። ኑዌሩም አኝዋኩም «ደም በአውሮፕላን ይሄዳል፣ በዓይን የታየ ነው» ይላል። የኔ ዓረፍተ ነገር ከኔ ጣት ወጥቶ ኒውላንድ ደርሶ እሷን ሊገድላት ነው። ዱዋል ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ፣ «አኬሎ፣ ደሜ ያንቺ ውስጥ ነው። አንቺ ብትነግሪያቸው ያምናሉ» አለኝ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቅም ነበር።

ያለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ሲያልቅ ተነስቼ ተናገርኩ። «ሲጫን ታይቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላየሁም። ሲወርድ ነው ያየሁት። የወረደውም ለኔ ነበር» አልኩ። ዱዋል ሲሰማ ወጥቶ ሄደ፤ እስካሁን ሰላም አይለኝም። ኦቻንግ ቤት መጥቶ ቤተሰቡን አዋረድሽ አለኝ። አጅዋንግ ግን በማግስቱ ምርኩዟን ይዛ ወደ ነርሱ ሄዳ ጣቷን ሰጠች። እሷ አሮጊት ናት፣ አይሆንም አሏት፤ ከኋላዋ ግን አምስት ሰው ተሰለፈ፣ ሁለቱ ለኛኩዎል ገጠሙ። ለቢሮውም የምስክርነት ቃሌን ጽፌ ሰጥቻለሁ። ኃላፊው «ያለቀ ነገር ለምን ትቀሰቅሺያለሽ?» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ስለዚህ ሌላ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ፤ ለምትፈልጊው ሰው አሳዪው።

ደብዳቤውን ነገ ወደ ጎሬ ለሚወጣ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እኔ ራሴ ልጅቷን አዝዬ ሐሙስ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ደብዳቤው እንዲቀድመኝ ያደረግኩት፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቂ በርሽን እንዳትከፍቺልኝ ብዬ ነው። ባትከፍቺም አልቀየምም። መኪናው የሚመለሰው በማግስቱ ነው፤ እስከዚያ ደጅሽ እቀመጣለሁ።

አኬሎ