ሳህን አጣቢዋ
እሑድ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ የቤት ጸሎት ኅብረታችን ቢልመር ሰፈር፣ እትዬ አስቴር ቤት ነበር። እንደ ልማዴ ሳልቀመጥ በቀጥታ ኩሽና ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ታታሪ ይለኛል። በሥራዬ የምንከባከባቸውን አዛውንት ከአልጋ ሳነሳ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ ሽንቴ እንደሚያመልጠኝ፣ የሰው ሶፋ እንደምፈራ ማን ያውቃል? ለወገቤ በየሳምንቱ ይጸልዩልኛል። ሽንቱን ግን የጸሎት ርዕስ አድርጌ ለመስጠት አፈርኩ።

እትዬ አስቴር ተከትለውኝ ገቡና በሩን ዘጉ።

«በሞቴ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ወገቤን መቆም ይሻለዋል፣ እትዬ።»

«ሦስት እሑድ ሙሉ የታጠበ ሳህን ስታጥቢ አየሁሽ እኮ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መንታዎቹን ከወለድኩ ጀምሮ እኔም ሞዴስ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። ሶፋው ጥግ ላይ፣ ከጨርቁ ሥር ላስቲክ አለ፤ የኔ ቦታ ነው። ዛሬ አጠገቤ ላንቺም አነጠፍኩ።»

እርጥብ እጄን በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው ይዘውኝ ወጡ።

ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ዘመርን። በተነቃነቅን ቁጥር ላስቲኩ ከሥራችን ይንኮሻኮሻል። እሳቸው ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው ይዘምራሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከተቀመጥኩበት ስነሳ ሁልጊዜ ዞር ብዬ መቀመጫውን አያለሁ። ለመጨረሻው ጸሎት ስንነሳ እትዬ አስቴር እጄን ያዙኝ። ዞሬ አላየሁም።