ጌማችን ውስጥ ያለችው ዛፍ

ውድ ዘመኑ፣

ሰላምታው ይቆየን፣ መጀመሪያ ይችን አንብብ፦ ሰሊጡ ሲያልቅ በኾሩ እንዳትመለስ። በዚያ በደረቁ ወንዝ፣ በዛፏ በኩል እንዳትመጣ፣ በማርያም። ፊደሉ ቢጣመምብህ ታገሰኝ፣ ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፍሁ ታውቅ የለ? እንዳልደውል ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት አለፈው።

የስልክ ጌሙን ስንሠራ ትዝ ይልሃል? እዚህ ኡም ራኩባ፣ የስደተኛው ካምፕ ገበያ፣ ስልክ ቻርጅ በማደርግባት ዳሴ ውስጥ፣ ጸጋብርሃን በዚያ ቁልፉ በወላለቀ ላፕቶፑ፣ አንተ ሥዕሉን፣ እኔ ደግሞ ምንም አላውቅ። ጸጋብርሃን «አንቺ መንገድ ፍጠሪ» አለኝ። መንገድ እንዴት ይፈጠራል? በየዓመቱ ከፋሽጋ እርሻ ሰሊጥ አጭደን የምንመለስበትን ነገርሁት። ኾሩን፣ ኮረብታዋን፣ ኋላ የጌማችን ሴትዮ ከጅቦቹ የምትሸሸግባት የሆነችውን ዛፍ። የመጀመሪያ ቀን ሴትዮዋ ከዛፏ ሥር አልነሳ ስትል ጸጋብርሃን «ዘመኑን መስላለች፣ ጥላ ካገኘች አለቀ!» ብሎህ ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ጌሙ ከስልክ ስልክ ሲሄድ ኩራቴን አልቻልሁትም።

ማክሰኞ አንድ ሰውዬ ስልክ ሊያስሞላ መጣ። ጌማችንን ከፍቷል፣ ግን አይጫወትም። ሴትዮዋን ዛፏ ሥር ያቆማትና ዝም ብሎ ያያታል።

«ይች ዛፍ እውነት አለች እንዴ?»

«አለች እንጂ! መንገዱን የነገርሁ እኔ ነኝ፣ የሣለው ጓደኛዬ ዘመኑ ነው፣ አሁን አጨዳ ላይ ነው።»

«ሠራተኛው ሁሉ እዚህ ያርፋል?»

«ሌላ ጥላ የት አለና? ቀትር ላይ ሁሉም እዚያ ነው።»

«ጎበዝ እህቴ። ስምሽ ማነው?»

ነገርሁት። ሻይም ጋበዝሁት፣ ዘመኑ።

ሐሙስ ውባየሁ፣ ያ ሲሄድም ሲቀመጥም የሚያንጎራጉረው፣ ከአጨዳ ሲመለስ ሳይደርስ ቀረ። ወንድሙ ሄዶ ያገኘ አንድ ጫማና የተደፋ ጀሪካን ነው፣ ዛፏ ሥር። ትናንት ደግሞ ሁለት ሰው። ሰዉ «ጅብ ነው» ይላል። ጅብ በቀትር? ሰውን ከነስልኩ ይበላል?

ለጸጋብርሃን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ዛፏን ከጌሙ አጠፋት፣ ግን «ከእኛ ጠፋች እንጂ ከሰው ስልክ አትጠፋም» አለኝ። እኔም ገበያውን እየዞርሁ በዚያ አትሂዱ ብያለሁ፣ እናንተን እርሻ ላይ ያላችሁትን ግን ማን ይንገራችሁ?

ሰውዬው ዛሬ ጧት ተመለሰ። ስልክም አልያዘ። ስሜን ጠርቶ «ሠዓሊው መቼ ነው የሚመጣ?» አለኝ። «አላውቅም» አልሁት። ሳቅ ብሎ «እኛ እንጠብቀዋለን» ብሎኝ ሄደ። «እኛ» ነው ያለ፣ ሰምተሃል?

ይችን የምታደርስልህ ተናኘወርቅ ናት፣ ለአጫጆች ሻይ የምትሸጠው። በትራክተር በዋናው መንገድ ነው የምትመለስ፣ ሁለት ቀን ቢፈጅም ከእሷ አትለይ። ለሌሎቹም ንገራቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው በላቸው፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ይምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ። «ታማለች፣ ዛፏ ሥር እየጠበቀችህ ነው» ብሎ ስሜን የሚጠራልህ ሰው ቢመጣ የላክሁት እኔ አይደለሁም። ስሜን እነሱም ያውቁታል። ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም።

የጌሙን ሴትዮ ቢጫ ቀሚስ አልብስልኝ ብዬ የነዘነዝሁህ፣ አንተም ለጅብ ትታያለች ብለህ እንቢ ያልኸኝ፣
እኔ ነኝ።