ስኳር የማያልቅበት ስሌት

ጥቅምት 8
የቢሮው ማሞቂያ ዛሬም አልተሠራም። ካፖርቴን እንደለበስኩ የስሌት ሞዴሉን ኮምፒውተሩ ላይ አስኬድኩት። ዕጢ ውስጥ ገብተው መድኃኒት እንዲለቁ ያሰናዳናቸው ባክቴሪያዎች በዘጠኝ ቀን የካንሰር ሴሎቹን ሙልጭ አደረጓቸው። ስክሪን ላይ ነው እንግዲህ...
ስወጣ እህቴ ጋ ጎራ አልኩ። ሐኪሙ የአንጀቷ ዕጢ በዚህ ወር ይውጣ ብሏታል። ዘጠኙን ቀን ስነግራት ፊቷ በራ። «እንዲህ ከሆነማ ቢላዋው ምን አስቸኮለው? ያንቺዎቹን እጠብቃለሁ።» ሰው ላይ እስኪሞከር ዓመታት ይቀሩታል ማለት ነበረብኝ። ደስ ስላላት ዝም አልኩ።

ጥቅምት 21
ቀጠሮዋን ሰርዛለች! ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ መድኃኒቱን እየሠራችልኝ ነው» ትላለች አሉ። ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 2
አልነገርኳትም። አባባ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይል ነበር። የኔ ዝምታ ምን እንዳስገባ ባየልኝ።

ኅዳር 19
የካንሰር ሴሎቹንና ባክቴሪያዎቹን በብልቃጥ አብራ የምታሳድገው ባልደረባዬ መጣች። «የኔዎቹ ባክቴሪያዎች በሁለት ቀን አለቁ። ያንቺዎቹ ስኳር የማያልቅበት ቤት ነው እንዴ የሚኖሩት?» ሳቅን። ከዚያ ኮዱን ከፈትኩ... እውነትም። ስኳሩን ቋሚ ቁጥር አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቢበሉት ቢበሉት አይቀንስም። በገዛ እጄ! አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት። የካንሰር ሴሎቹ ስኳሩን ተሻምተው ጨረሱባቸው። ባክቴሪያዎቹ ዕጢው መሃል ሳይደርሱ በረሃብ አለቁ።
በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። ድንች እየላጠች ነበር።
«ተሳስቻለሁ እቴቴ። ነገውኑ ሐኪሙ ጋ እንሂድ።»
«ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»
«ዛሬ።»
ስሕተቱን ያወቅኩት ዛሬ ነው። ሌላውን ግን... ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። እሱን ሳልነግራት ድንቹን አብሬያት ላጥኩ።

ኅዳር 28
ሆዷን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ጉበቷ ላይ ደርሷል። ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ «ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ታኅሣሥ 3
ዛሬ ሁሉንም ነገርኳት። ዓመታት እንደሚቀሩት ያን ቀንም አውቅ እንደነበር፣ ደስታዋን ማጥፋት እንደፈራሁ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እጄን ያዘችኝ።
«አንቺ ሞኝ። ባክቴሪያሽን ብዬ የቀረሁ መሰለሽ? ቢላዋ ፈርቼ እኮ ነው። አንቺን ሰበብ አደረግኩሽ እንጂ።»
ሁለቱንም ልጆቿን በኦፕራሲዮን የወለደች፣ በሳምንቷ ተነስታ ልብስ ያጠበች ሴት... ቢላዋ ፈራሁ ትለኛለች።
«እሺ እቴቴ» አልኳት።