ያወጣሁት አንቀጽ

ጥቅምት 7
ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራት ፎቅ በእግር። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ሁለት አዲስ አቤቱታ... ከመሥሪያ ቤቶች የመጣ መልስ ግን አንድም የለ። ምክር ቤት ሳለሁ ስናገር ይጨበጨብልኝ ነበር። እንባ ጠባቂ ከሆንኩ ወዲህ ስልኬን የሚያነሳም ጠፋ።

ጥቅምት 9
አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ማዘጋጃ ቤቱ የጎረቤቷን ሱቅ ሊያሽግ መጥቶ በስህተት የእሷን አሽጎ ሄደ። የስፌት መኪናዋ ከነክሩ ውስጥ ቀረ። አሥራ አራት ወሩ።
"እስካሁን የት ነበሩ?" አልኳት።
"እነሱው ጋ ነዋ። ነገ ይመለሱ ይሉኛል፣ እመለሳለሁ።"
የሕግ ባለሙያችን ፋይሉን ዘጋው። ዓመት ያለፈው አቤቱታ አይታይም፣ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ። አንቀጹን ማን እንዳወጣው አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።

ጥቅምት 10
እኔ ነኝ ያወጣሁት። "ቢሮው በአሮጌ ጉዳይ እንዳይጨናነቅ" ብዬ። ምን ነክቶኝ ነበር? ይሻሻል ብዬ ለድሮ የምክር ቤት ባልደረባዬ ደወልኩ። ሳቀብኝ። "ያኔ አላስወራ ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?"
ባለቤቴ ደግሞ፣ "ለሴትየዋስ ነገርካት?"
ራት አልበላሁም።

ጥቅምት 14
መላ መጣልኝ። በጽሑፍ እምቢ ካሏት ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ግን እነሱ መች ይጽፋሉ? ነገ አብሬያት እሄዳለሁ።

ጥቅምት 15
የማዘጋጃ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ሙሉ። ወገቤ!
ጸሐፊው አላወቀኝም። "አባባ፣ ነገ ብቅ ይበሉ።"
"እሺ። ይህንኑ ጻፍና ፈርምበት።"
ፊቱ ጠቆረ። ተቀምጠን አንነሳም ስንለው "ጥያቄው ተቀባይነት የለውም" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት። እምቢ ተብሎ ደስ ያለው ሰው ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ኅዳር 20
በዚያ ወረቀት ፋይሉን አስከፍቼ አንድ ወር ከአምስት ቀን የማዘጋጃ ቤቱን ኃላፊ ደጅ ስጠና ከርሜ፣ ዛሬ ሱቁ ተከፈተ። የስፌት መኪናው ዝጓል። መዘውሩ ንቅንቅ አይልም። በሻርቧ አቧራውን ጠረገች።
"ያ የአንድ ዓመት ሕግ... ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ይህችን ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ!
ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዘይት የነካ ጨርቅ አቀበለችኝ።
"እንግዲያው እስኪዞር ይሹ።"
እስከ ምሳ ሰዓት አሸሁ። ግማሽ ዙር ዞረ። በዚሁ አንቀጽ የመለስኳቸው ሌሎች ሠላሳ አንድ ሰዎች አሉ። ነገ ስልካቸውን እፈልጋለሁ።