ባዶ ያልተመለሰው ትሪ፦ የሐጂ ነዋፍ ዚያብ የሕይወት ታሪክ

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ በራምታ ከተማ፣ በሐዘን ድንኳኑ የተነበበ

ሰጥቶ የሚወስድ፣ ወስዶም የማይበድል አላህ ምስጋና ይድረሰው። ብዙዎቻችሁ በልጃቸው ስም አቡ ታሚር እያላችሁ የምትጠሯቸው ሐጂ ነዋፍ ዚያብ፣ ከአባታቸው ከዚያብ ሱለይማንና ከእናታቸው ከወድሐ ፋሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በስንዴ አጨዳ ወራት እዚሁ ራምታ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ አጨዳው ሲያበቃም እህል ጭነው ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ዳርዓ ያደርሱ ነበር። እናታቸው ደግሞ የዚያው የዳርዓ ተወላጅ ናቸው። ድንበሩ የሚያልፈው በስንዴ ማሳ መካከል በመሆኑ፣ ሐጂ ነዋፍ አጎቶቻቸው ዘንድ በሄዱ ቁጥር ከዮርዳኖስ ወደ ሶርያ ይሻገሩ እንደ ነበር ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው ካርታ ካዩ በኋላ ነው። ያን ካርታ ባያዩት ይሻላቸው እንደ ነበር በእርጅናቸው ሲናገሩ ሰምተናል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በራምታና በኢርቢድ ፈጽመው፣ በ1968 ወደ ደማስቆ ተሻግረው የንግድ ትምህርት አጠኑ። በ1972 ተመርቀው ተመለሱና በኢርቢድ በመምህርነት ተቀጠሩ። ከደማስቆ ይዘውት የመጡት የመጻሕፍት ሣጥን ከልብሳቸው ሣጥን የከበደ ነበር ይባላል። ከመጻሕፍቱም ይበልጥ የከበደ አንድ ሐሳብ አብሯቸው መጥቶ ነበር፤ ሁለት አገሮች በሰላም ሊኖሩ የሚችሉት የሚሰጣጡት ሸቀጥ ሲመጣጠን ብቻ ነው የሚል ሐሳብ።

ትዳራቸውም የቆመው በዚሁ መንፈስ ነበር። በ1975 ሐጂ ነዋፍ የዳርዓውን ልብስ ሰፊ የሺብሊን እኅት ወይዘሮ ሐስናን ሲያገቡ፣ ሺብሊም በዚያው ቀን የሐጂ ነዋፍን ብቸኛ እኅት ወይዘሮ ፊዳን አገቡ። ራምታንም ዳርዓንም በሚያቅፈው በሐውራን ምድር፣ በእኛ ዘንድ፣ በመለዋወጥ የቆመ ጋብቻ ደንቡ የታወቀ ነው። አንዱ ቤት ለሌላው ጥሎሽ አይከፍልም፤ አንዷ ሙሽራ ተቀይማ ወደ ወንድሟ ቤት ብትመለስ ግን ሌላዋም ወደ ወንድሟ ቤት ትመለሳለች። አንዱ ትዳር የሌላው መያዣ ነው።

ወይዘሮ ሐስና ሲመጡ አንድ የመዳብ ትሪ አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲያ ትሪው በራምታና በዳርዓ መካከል ሲመላለስ ኖረ፤ የሚያመላልሱትም በሁለቱ ከተሞች መካከል ዕቃ የሚነግዱት ሾፌሮቻችን ነበሩ። ባሕር የማታውቀው ከተማችን እነዚህን ሰዎች መርከበኞች ብላ መጥራቷ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ በሶርያ ገበያ ብዙ ነገር ሲጠፋ ትሪው ሻይ፣ ሙዝና የወረቀት መሐረብ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ የደረቀ የአፕሪኮት ጥፍጥፍና የሰሊጥ ብስኩት ይዞ ይመለሳል። አንድም ቀን ባዶውን ሆኖ ድንበር አላቋረጠም። ሳህን ከጎረቤት ተልኮለት ባዶውን የሚመልስ ሰው ምን ማለቱ እንደ ሆነ እዚህ ለተቀመጠ ሰው አይነገርም፤ ከእንግዲህ አንተዋወቅ ማለቱ ነው።

በ1979 ሐጂ ነዋፍ መምህርነታቸውን ትተው በራምታ የሕፃናት ልብስ ስፌት ከፈቱ። ባል የሞተባቸው፣ አባት የሌላቸው ሴቶች ከዚያ ስፌት ቤት እንጀራ በሉ። ይሁን እንጂ በሁለቱ አገሮች መካከል ቀረጡ ሲነሣ የዳርዓና የደማስቆ ልብስ በእጅጉ ረክሶ ገባ። መርከበኞቹ ጠዋት ባዶ መኪና ይዘው ይሄዳሉ፤ ማታ መቀመጫው እስኪጎብጥ ጭነው ይመለሳሉ። ሐጂ ነዋፍ በበራቸው ቆመው ይህን ባዶ ሄዶ ሙሉ የሚመለስ መኪና እያዩ ብዙ አመሹ። በ2005 ስፌት ቤቱን ዘጉ። የመጨረሻዋን ልብስ ሰፊ እስከ ቤቷ ሸኝተው ተመለሱ።

በማግሥቱ ግን ብዕር አነሡ። በጋዜጦች ጻፉ፤ የከተማው ነጋዴዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነውም እያንዳንዱ ሾፌር ከሶርያ የሚያስገባው ዕቃ ልክ እንዲበጅለት ለመንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። መርከበኞቹ "አቡ ሚዛን" የሚል ስም አወጡላቸው፤ የሚዛን አባት ማለት ነው። በገበያው ሲያልፉ "አቡ ሚዛን መጣ፣ ጭነታችሁን ሸፍኑ!" ይባባሉ ነበር። ሐጂ ነዋፍ ይህን እየሰሙ ፈገግ ይሉ እንደ ነበር አይዘነጋም፤ ስሙን አልጠሉትም። በ2006 ሐሳባቸው ደንብ ሆነ። ደንቡ ከሁሉ አስቀድሞ ያገኘው፣ ልብሳቸውን በመርከበኞች እጅ ይልኩ የነበሩትን አማቻቸውን ሺብሊን ነው። ሺብሊ ስልክ ደውለው፣ "አማቼ፣ እኔን ለማደህየት ብለህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው? ብትነግረኝ እኮ በነፃ እደኸይልህ ነበር!" ብለው ዘጉት።

በዚያው ዓመት፣ የጾሙ ወር ሊያበቃ ሲል፣ ጀዱዕ የተባለው መርከበኛ ትሪውን ከዳርዓ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ሐስና ጨርቁን ገለጡ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ ሐጂ ነዋፍ።

"ትሪው ነዋ።"

"ትሪውንማ አየሁት።"

ትሪው ባዶ ነበር። ጀዱዕ ከሐጂ ነዋፍ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ተሰናብቶ ወጣ። ሐጂ ነዋፍ ትሪውን አንሥተው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ለእኅታቸው አልደወሉም፤ ወይዘሮ ፊዳም ስለላኩት ነገር የምስጋና ቃል ሲጠብቁ ቀርቶባቸው አኩርፈው አልደወሉም። ወይዘሮ ሐስና ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ፊዳ ተቀይማ መጥታ እንደ ሆነ፣ እርሳቸውም ልብሳቸውን ሊሰበስቡ እንደ ሆነ እየፈሩ ዓመታት አሳለፉ። ሁለት ትዳሮች በአንድ ባዶ ትሪ ጠርዝ ላይ ቆመው ከረሙ።

በ2011 በዚያ ማዶ እሳት ተነሣ። ጥቂት ቆይቶም የራምታ መስኮቶች በዳርዓ መድፍ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በ2012 ክረምት የወይዘሮ ፊዳ ልጆች በማሳው መካከል በእግራቸው ተሻግረው አጎታቸው ቤት ደረሱ። ሐጂ ነዋፍ የራሳቸውን መኝታ ለቀቁላቸው። እህል ቀምሰው ትንፋሽ ከሰበሰቡ በኋላ ታላቁን፣ ቁታይባን፣ ያን ሁሉ ዘመን ያንገበገባቸውን ጥያቄ ጠየቁት፤ እናትህ ትሪዬን ባዶውን የላከችብኝ ለምን ነው አሉት።

"ባዶ?" አለ ቁታይባ። "አጎቴ፣ ባዶ አሉ? እናቴ እኮ ብስኩቱን ስትጋግር ሰነበተች! የጀዱዕ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ክብደቱ ወገቤን ነው የቆረጠኝ።"

ጀዱዕ ተጠራ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ተናገረ። "ሐጂ፣ ኬላው ላይ 'ልክህን አልፈሃል' ብለው አራገፉት። ማን ነው ልኩን ያወጣው ብዬ ልጠይቃቸው? የእርስዎ ቤት ትሪ ነው ብላቸው ይብሱን ይስቁብኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የራስዎን ደንብ ለራስዎ ልክሰስ? አፈርኩ ሐጂ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል፣ ነገው ራቀብኝ።"

ሐጂ ነዋፍ ጀዱዕን አልተቆጡትም። ስልኩን አንሥተው ለእኅታቸው ደወሉ። የስልኩን ድምፅ ቤተሰቡ ሁሉ ሰምቶታል።

"ማን ልበል?"

"ነዋፍ ነኝ።"

"የትኛው ነዋፍ? የሚዛኑ?"

"ፊዳ፣ ትሪው ሙሉ ነበር ለካ።"

"ሙሉ ነበራ! ደንብህ በላው። ጣፈጠህ ወይ?" ሐጂ ነዋፍ ሲያለቅሱ ሰምተውም፣ "በል እንግዲህ አታልቅስ፣ ስልኩ ይቆጥራል" አሏቸው።

"ነይልኝ ወንድም ዓለም ይሙት። ቤቱ ቤትሽ ነው።"

"ሺብሊ ግማሽ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ ማን ያገላብጠው? ደግሞስ እኔ ወንድሜ ቤት ከተመለስኩ ሐስናን የት ልትሰዳት ነው? የወንድሟ ቤት እንደሆን ጣራ የለውም።" ቀጥለውም፣ "ትሪው አንተ ዘንድ ነው፣ አቡ ታሚር። ተራው ያንተ ነው። ባዶውን ብትልከው በር አልከፍትም" አሉ።

ድንበሩ ግን ተዘግቶ ነበር። ሐጂ ነዋፍ ትሪውን ከቁም ሣጥኑ አውርደው፣ እንደ አዲስ እንዲያበራ በቀለጠ ቆርቆሮ አስለብጠው፣ በበሩ አጠገብ አኖሩት። በዚያ ማዶ መድፍ ሲያጓራ ጣራ ላይ ወጥተው ጭሱ በየትኛው ሰፈር እንደሚነሣ ይመለከቱ፣ ከዚያም ወርደው ይደውሉ ነበር። በ2016 ሺብሊ ሲያርፉ ወይዘሮ ሐስናን ለቅሶ የደረስናቸው፣ የወንድማቸውን መቃብር ከጣራ ላይ በጣት እያመለከትን ነው።

በ2018 መንገዱ ሲከፈት ሐጂ ነዋፍ ከመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች መካከል ነበሩ። ሾፌራቸውም ጀዱዕ ነበር። በትሪው ላይ ሻይ፣ ሙዝና የወረቀት መሐረብ ጭነው ነበር፤ የዚያ ማዶ ገበያ ዳግመኛ እንደዚያ ዘመን ባዶ ሆኖ ነበርና። ወይዘሮ ፊዳ ጨርቁን ገልጠው ሙዙን ሲያዩ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ሊሰናበቱ ሲነሡ ሐጂ ነዋፍ ትሪውን ቢጠብቁም አልተሰጣቸውም።

"አይመለስም" አሉ ወይዘሮ ፊዳ። "እዚህ ይቆይና ባለዕዳህ ልሁን። እኔው ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያው ትጠብቀኛለህ።"

ከዚያ ጉዞ በኋላ ሐጂ ነዋፍ ስለ ንግድ ሚዛን አንድ መስመር አልጻፉም። በነጋዴዎች ጉባኤ ለመጨረሻ ጊዜ ሲናገሩ፣ ስለ ተበተኑት ልብስ ሰፊዎች ያሉትን ሁሉ እንደማይክዱ፣ ሥራቸውን ያጡት ሴቶች ዛሬም በሕልማቸው እንደሚመጡባቸው ገለጹ። ነገር ግን ሁለት ቤቶች ሒሳባቸውን እስከ መጨረሻው የሚያስተካክሉት ሊለያዩ ሲሉ መሆኑን ሳያውቁ አርጅተው እንደነበርም ጨምረው ተናገሩ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

በ2020 ወረርሽኙ ድንበሩን መልሶ ዘጋው። በተከታዩ ዓመት የሐጂ ነዋፍ ኩላሊት ደከመ፤ ደማቸውን ለማሳጠብ ወደ ኢርቢድ ይመላለሱ ጀመር። መንገዱ ሲከፈትም ወይዘሮ ፊዳ የመግቢያ ፈቃድ ጠይቀው ይጠብቁ ነበር፤ ትሪውን በእጃቸው ካልሆነ በሌላ ሰው እንደማይልኩት ምለዋል። ሐጂ ነዋፍ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገታቸውን ቀና አድርገው "መጣ?" ይሉ ነበር። ትሪውን ማለታቸው እንደ ሆነ ስለምናውቅ አንጠይቃቸውም ነበር። ኖቬምበር 17 ቀን 2022፣ ሐሙስ፣ ከንጋት ሶላት በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ በዚያው ጥያቄ ላይ እያሉ ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ሐጂ ነዋፍ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሐስና ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ የልጅ ልጆችም አይተዋል። እኅታቸው ወይዘሮ ፊዳ በዳርዓ ይገኛሉ። ፈቃዱ አልደረሰላቸውም።

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ በዚህ ድንኳን ተቀምጣችሁ ሳለ፣ ያረጀው ጀዱዕ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ የሐዘን ቤት እሳት አያነድምና፣ ምግብ ይዞ ነበር። ትሪውን በሁለት እጁ ተሸክሞ እስከ መካከል መጣ። "ወይዘሮ ፊዳ፣ 'ተራዬን አዘገየሁበት፣ ይቅር ይበለኝ በሉልኝ' ብለዋል" አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጨርቁን ገለጠ። ቡርጉሉ፣ የተቀቀለው የስንዴ ክክ፣ በበግ ሥጋና በእርጎ መረቅ ርሶ ገና ይሞቅ ነበር። "እዩልኝ" አለ፤ "ሙሉ ነው። አልተነካም።"

የሰው ልጅ ሥራ ሁሉ በሚመዘንበት ቀን አላህ ከሚዛን ይልቅ በምሕረት ይቀበላቸው፤ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፤ ጀነትን ማረፊያቸው ያድርግላቸው። በሐዘናችን የደረሳችሁልንን ሁሉ፣ ከዚህም ከዚያም ማዶ፣ ክፉ አይንካችሁ።

ትሪው ታጥቦ በበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ተራው የእኛ ነው።