የሟቿ ድምፅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ
ዛሬም ጩኸቴ አልተወደደም። ቦሌ ስቱዲዮ፣ ያው ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ወንጀል ፊልም። የድሮ፣ ርካሽ ሥራ፤ በር ሲዘጋ ግድግዳው ይወዛወዛል። ለቴሌቪዥን ወደ አማርኛ እየመለስነው ነው። የኔ ድርሻ ባሏ አንቆ የሚገድላት ሴት። ዳይሬክተራችን ቢኒያም አይጥ ያየች ነው የምትመስዪው አለኝ። ቤትሽ ተለማመጂ! ቤቴ? የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ በግድግዳ በኩል ይማርህ የሚባልበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ጉድ ፈላ። አንዴ ድረሱልኝ ብል የወለሉ ሰው ሁሉ በሬ ላይ። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ወ/ሮ ብርቄ ዘነዘና ይዘው! ሥራዬ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ተሳቀ። ከጎኔ ያሉት አዲስ ተጋቢዎችም ወጥተው ነበር። ባልየው ትሑት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል። ሚስቱ ሜሮን ብቻ አልሳቀችም። ማስታወሻዬ፣ አፈርኩ፣ ግን ደስም አለኝ። ለካ ብጮኽ የሚደርስልኝ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ረቡዕም ሐሙስም ጮኽኩ፤ ብቅ ያለ የለም። ለምደውኛል። ዛሬ ቢኒያም ወደደው፣ ተቀዳ፣ ተገላገልኩ። እህቴ ጋ ቡልቡላ መጥቻለሁ፤ እዚሁ አድራለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ጠዋት ስመለስ ወ/ሮ ብርቄን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። የትናንት ማታው ጩኸትሽስ እውነተኛ ነው የሚመስለው፣ ጎብዘሻል አሉኝ። ማታ እኮ እቤት አልነበርኩም! ነገርኳቸው። "አንቺ ደግሞ፣ ቀልድሽ አያልቅም" ብለው ወረዱ።
ማን ነበረች ታዲያ? ሜሮን ጋ አንኳኳሁ። ባልየው ከፈተ። ፈገግ ብሎ ተኝታለች አለኝ። ከኋላው ቆማ አየኋት፣ ቤት ውስጥ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ፈራሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 12 ተኩል
እየጮኸች ነው። አሁን። ከግድግዳው ወዲያ። ፖሊስ ጋ ደውያለሁ፣ መንገድ ላይ ናቸው። እስከዚያስ? በየቤቱ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ በር የሚከፍት የለም። እኔ መስያቸው ነው። እኔም ብጮኽ ያው ልምምድ ነው። ብቻዬን ባንኳኳ ባልየው አይከፍትልኝም፤ ቢከፍትስ?
እግዜር ይርዳኝ። መጀመሪያ ወ/ሮ ብርቄ በር፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። እስኪከፍቱ እደበድባለሁ። ሲከፍቱ ቃል አልተነፍስም። አፌን ገጥሜ ፊታቸው እቆማለሁ፤ ያኔ እሷን ይሰሟታል።