ለሚያስነጥሳት ልጅ የሚሆን ውሻ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ትምህርቱስ፣ ብርዱስ? እኔና ልጅሽ፣ ድንቢጥሽ፣ ደህና ነን። «ደህና ነን» ማለቴን ግን ለጊዜው እንዲሁ ያዢው፤ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ራስሽ ትፈርጂያለሽ።

«አባዬ፣ የትኛው ውሻ እንደሚሻል ለይተህ ጻፍልኝ» ካልሽኝ ሰባት ሳምንት ሞላ። መልሱ፣ አላውቅም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው በበሩ ሲገባ ትከሻውን አይቼ የኮቱን ቁጥር ስናገር የኖርኩ ሰውዬ፣ አንድ ውሻ መምረጥ አቅቶኝ ጭንቅላቴ ዞሯል። በስልክ ያልነገርኩሽ ድንቢጥ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዷን ቃል ስለምትለቅም ነው። አንቺ ቃል ከገባሽላት ቀን ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ውሻ ሆኗል። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለ ውሻ ጥርስ ታስረዳኛለች።

ጥፋቱ ደግሞ ያንቺም ነው፤ ልናገር። ለእሷ «ውሻ ይገዛልሻል» አልሻት። ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ በዚያው አፍሽ «ሳሉ ካልቀነሰላት ስልጠናዬን አቋርጬ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልሽኝ። አራት ወር ብቻ የቀረሽን የጥርስ ሕክምና ስልጠና! ስለዚህ እኔ የምፈልገው ውሻ ከልጅ ጋር የሚጫወት፣ ጎረቤት የማይነክስ፣ የማያስነጥስ፣ ደረቷን የማያፍን፣ በዚያ ላይ አንቺን ስልጠናሽን የማያስጥል ውሻ ሆነ። እንዲህ ያለ ፍጡር ካለ ለራሴም አንድ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ገና ወጣት ናት፤ የጋዋኗ እጅጌ ሁለት ጣት ያህል ረዝሞባታል። አለርጂ ላለባት ልጅ የሚሆነው ዘር የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አባባ፣ ጨርሶ አለርጂ የማይቀሰቅስ የሚባል ውሻ የለም» አለችኝ።

«ታዲያ ይሄ ፑድል የሚሉትስ?»

«ፑድል ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም። ግን ሰውን የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ራሱ አይደለም፤ ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ፎረፎር ነው።»

«እንግዲያው ፀጉር የሌለው ልግዛ?»

«እሱም ምራቅ አለው።»

«ስለዚህ ይቅርብሽ በላት ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም! ረጋ ያለ፣ ልጅ የሚወድ ውሻ ይምረጡ። ከዚያ ልጅቷ ከራሱ ከውሻው ጋር ደጋግማ ትቆይና ይታያል። አንዱ ፑድል ያስነጥሳታል፣ ሌላው ፑድል ምንም አያደርጋት ይሆናል።»

ይህን ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አለርጂ ያለበት ሰው ከውሻ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚዘረዝር። ከገባሁበት ይልቅ ስወጣ የባሰ ተደናግሬ ነበር።

ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሾፌሩን ታውቂዋለሽ፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። «ጋሼ፣ የቤተሰብ ውሻ ማለት ላብራዶር ነው፣ አለቀ» አለኝ። «የዋህ ነው። ድንቢጥ ጆሮውን ብትጎትተው እንኳ ዝም ነው።» ፀጉሩስ ብለው፣ «ፀጉሩማ ይረግፋል። ከሶፋው ላይ ሲነሣ ሌላ ውሻ ትቶ የሄደ ይመስልሃል» አለኝ። ምክር ብሎ ነው እንግዲህ። መንገድ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ደግሞ ፑድል አላት። «አንዲት የውሻ ፀጉር ወለሌ ላይ ካገኙ እኔ ልቀጣ!» ብላ ማለችልኝ። የሰው ፀጉር በሞላበት ወለል የውሻውን ማን ለይቶ ያገኘዋል? አንዱ ቴሪየር ይላል፣ አንዱ ሽናውዘር፣ አንዱ «ትንሽ ውሻ ትንሽ ያስነጥሳል» ይላል። መላ ቅጡ ጠፋኝ።

ቢቸግረኝ ወደማውቀው ነገር ተመለስኩ። እኔ የማላውቀውን ነገር በጨርቅ እንጂ በወሬ አልለይም። የቁርጥራጩን ጆንያ ፈታሁና ስድስት ብጣሽ ነጭ ሱፍ አወጣሁ፤ ሁሉም መዳፍ የሚያህሉ። አምስቱን ይዤ ከተማውን ዞርኩ። አንዱን የፀጉር ሠሪዋን ፑድል አሸሁበት፣ አንዱን የሾፌሩን ወንድም ላብራዶር፣ አንዱን የመድኃኒት ቤቷን ቴሪየር፣ አንዱን ክሊኒክ ያገኘሁትን ሽናውዘር፣ አንዱን አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር የሚተኛውን የማንም ያልሆነ ውሻ። ይሄ የመጨረሻው አልተቃወመም፤ እንዲያውም ሌላኛውን ጎኑንም ሰጠኝ። ስድስተኛው ብጣሽ ምንም አልነካም። ይህ የሥራ ልማዴ ነው፤ አዲስ ጨርቅ ሳጥብ አንዷን ቁራጭ ሳላጥብ አስቀራለሁ። ቀለም መልቀቁን፣ መሸብሸቡን የማውቀው ካልታጠበችው ጋር አስተያይቼ ነው።

ስድስቱንም በየጠርሙሱ ከትቼ ከደንኩ። የውሾቹን ስም በጠርሙሶቹ አንገት ላይ ባሰርኩት ክር ቀለም ለየሁ። ድንቢጥ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጠርሙስ ታሸታለች፤ እኔ ማስነጠሷን እቆጥራለሁ። ጨዋታው ስለጣማት ቦርሳዋን ሳታወርድ «የዛሬውን አምጣ!» ትለኝ ነበር።

ፑድሉ አስነጠሳት። ላብራዶሩም አስነጠሳት። አምስቱም አስነጠሷት፤ ይሄ ገብቶኛል፣ ልጅቷ ውሻ አይስማማትም ማለት ነው አልኩ። በስድስተኛው ቀን ምንም ያልነካውን ሰጠኋት። ዘጠኝ ጊዜ አስነጠሰች። ዓይኗ ቀላ፣ ደረቷ ሲያፏጭ ከጠረጴዛው ማዶ ሰማሁት።

«አባባ፣ ይሄኛው የባሰ ነው! አንገዛውም!»

«ምን ዓይነት ውሻ መሰለሽ?»

አሰበች። «ትልቅ ነው። ያረጀ። ሽማግሌ ውሻ።»

ጠርሙሶቹ ተቀላቅለውብኝ ይሆናል ብዬ እንደገና ከጆንያው ቆርጬ ሞከርኩ። ያው ነው። ለሾፌሩ ባወራለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ልጅቷን የሚያስነጥሳት አንተ እንዳትሆን!» እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት እየሄድኩ ግን እጅጌዬን አንሥቼ አየሁት። ክር፣ የጠመኔ ብናኝ፣ የሱፍ ብናኝ። እንደ ሁልጊዜው ነው።

በማግስቱ አለርጂ ወደሚመረምረው የሕፃናት ሐኪም ወሰድኳት። ክንዷ ላይ በተርታ ጠብታ አንጠባጠበና እያንዳንዱን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። አላለቀሰችም፤ «የውሻው የትኛው ነው?» እያለች ስታዋክበው ነበር። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። የውሻው ቦታ ምንም አልሆነም። ንጹህ ቆዳ። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው ግን አብጦ የሸሚዝ ቁልፍ አከለ።

«ይሄ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው» አለኝ። «ያረጀ ጨርቅ፣ ሱፍ፣ ፍራሽ፣ አቧራ ውስጥ የሚኖር። ቤታችሁ ምንጣፍ አለ?»

«የለም።»

«እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«የት ነው የሚሰፉት?»

«እቤቴ። የፊተኛው ክፍል ሱቅ ነው፣ እኛ ከኋላ ነን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወይ ጨርቁ ከቤት ይውጣ፣ ወይ ልጅቷ ትውጣ። አሁን ባለችበት ከቀጠለች ግን አስሙ ይጠናባታል» አለኝ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ልጣላው እችል ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ይህን የሰማሁት የዛሬ አምስት ሳምንት ነው። ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት አጣጥፌ የቁልፎቹ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአንቺም ለማንም አልተነፈስኩም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ምን ስሠራ እንደነበር ብነግርሽ አታምኚኝም፤ ውሻ ስፈልግ ነበር! የውሻው ጉዳይ እንዳለቀ እያወቅኩ እየሄድኩ ዘሩን እጠይቃለሁ፣ ዋጋውን እጠይቃለሁ፣ ከባለቤቶቹ ጋር እከራከራለሁ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አይገባኝም ነበር። ልጅቷ በሌላኛው ክፍል ስትስል እየሰማሁ የስፌት መኪናዬን እረግጥ ነበር። ይቅር በይኝ።

እሷን ማቀፍ ግን ፈራሁ። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመጣ እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ «ቆይ፣ ስፒል አለብኝ» እላለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ በየቀኑ ስፒል አለብህ?»

«ሥራ በዝቶ ነው።»

«ተቀይመኸኛል?»

ልጄ፣ እዚያው ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ተባዩን፣ ጨርቁን፣ ስድስተኛው ጠርሙስ ምን እንደነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሄዳ የእንስሳት ሐኪሟን ወረቀት አመጣች። ጣቷን እያስኬደች ታነብልኝ ጀመር። «በሳምንት አንዴ ይታጠባል። ከቤት ውጭ ይበጠራል። ከውጭ ሲገባ ይጠረጋል። አልጋ ላይ አይወጣም። የሚተኛበት በሙቅ ውኃ ይታጠባል።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንደዚህ ከሆነ ሰው ከውሻው ጋር መኖር ይችላል ይላል እኮ። አንተንም እንደዚህ እናድርግህ።»

እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም። ተቀበልኩ። ሾፌሩ በማላገጡ ተጸጽቶ ጋራዡን ለቀቀልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥቅል ጨርቁን፣ ጆንያውን፣ ገበሩን፣ ካውያውን፣ መኪናዬን መንገዱን አሻግረን አስገባን። ፍራሾቹን ቀየርኩ፣ መጋረጃውን አወረድኩ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ወለወልኩ። አሁን ጋራዡ ውስጥ እሰፋለሁ፤ ስጨርስ እዚያው ታጥቤ ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ ነው ወደ ቤት የምሻገረው። ድንቢጥ በሩ ላይ ቆማ ጀርባዬን ታዞረኛለች፣ አንገትጌዬን ትመረምራለች፣ ከዚያ ነው የምታስገባኝ። ክር ካገኘችብኝ ትመልሰኛለች። ትናንት ሁለት ጊዜ መለሰችኝ።

ይህን ካደረግን አሥራ አራት ቀን ሆነ። በአሥራ አራት ቀን የሳለችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የምትስበውን መድኃኒት ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ አልነካችም። ትናንት ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ቀጥሉ» አለን። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ የመጀመሪያውንም ጭምር። ስለዚህ ስልጠናሽን ጨርሺ። በየሳምንቱ እጽፍልሻለሁ፣ ብትስልም ሳለች እላለሁ፤ ከእንግዲህ መሳቢያ ውስጥ የምደብቀው የለም። እንደገና ከጠናባት ግን አንቺ እንድትመጪ አልጠብቅም፣ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

የቀረው የውሻው ነገር ነው። ሐኪሙ የፈለጋችሁትን ግዙ ብሎናል፤ ላብራዶርም ይሁን ፑድል ለእሷ ልዩነት የለውም። እኔ ግን አልገዛሁም፤ ለምን እንዳልገዛሁም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለራሴ ግልጽ አልነበረም። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ከውሻ ቤት ውሻ ቤት ስንከራተት የነበረው ሌላ ነገር ፈልጌ ነው። አንቺ ጨርሰሽ ልትወስጃት ስትመጪ፣ ውሻዋን አንገቱን አቅፋ «አልሄድም» እንድትልሽ ነበር የፈለግኩት። በጥሬው ይኸው ነው። እናቷን እንቢ እንድትል ውሻ ልገዛላት ነበር። ስለዚህ ውሻውን እዚያ፣ አብራችሁ ምረጡ፤ እሷ በምትኖርበት ቤት ይደግ።

ውሻውን እዚያ ከአንቺ ጋር እንደምትመርጥ ዛሬ ቁርስ ላይ ነገርኳት። ደስ አላት፤ ዘሩን ትታ ወዲያው ስም ማውጣት ጀመረች። ቆየት ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ከዚያስ ማታ ማታ አንተን በሩ ላይ ማን ያይሃል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሥራ ስለሚበዛብኝ ጋራዡ ውስጥ አድራለሁ አልኳት።

የያዝሽው ይቅናሽ፣ እጅሽ ይበርታ፣ የምትነኪው ጥርስ ሁሉ ሳያም ይዳንልሽ። በሰላም ጨርሰሽ በሰላም ነይልን።

የሚወድሽ
አባትሽ